ጎማ፣ ሐምሌ 1986 ዓ.ም.፦ ከሩዋንዳ የሸሹትን ተቅማጥ እንዴት ፈጃቸው

የጎማ ከተማ የተቆረቆረችው በኒራጎንጎ እሳተ ገሞራ ግርጌ፣ ከተራራው ፈስሶ በረጋው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ይህን ድንጋይ ዶማም አካፋም አይበሳውም፤ ዝናብ ሲጥልበት ውሃውን በስንጥቆቹ ወደ ውስጥ ይመጠዋል እንጂ ኩሬ ሆኖ እንዲቋጠር አይፈቅድም። ነገሩን ከመሬቱ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 1994) ከሩዋንዳ ሸሽተው ወደ ያኔዋ ዛየር፣ ወደ አሁኗ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ከተሻገሩት ሰዎች መካከል ወደ 50 ሺህ የሚጠጉት በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ሞተዋል። የሸሹት ጦርነትን ነበር፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ግን ተቅማጥ ነው፤ መጀመሪያ ኮሌራ፣ ቀጥሎም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። ተቅማጡን ደግሞ ያን ያህል ገዳይ ያደረገው ውሃ የማይገኝበት፣ መጸዳጃም መቃብርም የማይቆፈርበት ያ መሬት ነው።

የሩዋንዳው የዘር ማጥፋት ከመጋቢት 29 ቀን 1986 ዓ.ም. ጀምሮ በመቶ ቀናት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ፈጅቷል፤ አብዛኞቹም ቱትሲዎች ነበሩ። መንግሥቱን ይወጋ የነበረው፣ በቱትሲዎች የሚመራው የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ሰኔ 27 ቀን ዋና ከተማዋን ኪጋሊን ሲይዝ፣ እልቂቱን የመራው መንግሥት ሠራዊቱንና ሕዝቡን እየነዳ ወደ ሰሜን ምዕራብ አፈገፈገ። ግንባሩ ሐምሌ 11 ቀን የድንበሯን ከተማ ጊሴኒን ከመቆጣጠሩ በፊት በነበሩት አራት ቀናት ውስጥ ብቻ ከ500 ሺህ እስከ 800 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ወደ ጎማ ተሻገረ። ግምቱ ይህን ያህል የሰፋው በዚያ ኬላ ቆሞ ሊቆጥር የሚችል ሰው ስላልነበረ ነው። ከተሻጋሪዎቹ መካከል በእልቂቱ እጃቸው ያለበት ወታደሮች፣ ባለሥልጣናትና የኢንተርሃምዌ ሚሊሻዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በእነርሱ ቅስቀሳና ግዳጅ፣ እንዲሁም በቀልን በመፍራት ቤታቸውን ጥለው የወጡ ገበሬዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሕፃናት እጅግ ይበዙ ነበር። ይህ ድብልቅ ኋላ ላይ የእርዳታውን ሥራ በሙሉ አወሳስቦታል፤ በቦታው እመለስበታለሁ።

እነዚህ ሰዎች ጎማ የደረሱት ለሳምንታት በእግር ተጉዘው፣ ደክመውና ተርበው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያረፉት በከተማዋ ጎዳናዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ፣ እንዲሁም ከከተማዋ ወጣ ብላ ባለችው በሙኒጊ ነበር። የዛየር ባለሥልጣናት ከተማዋ እንድትለቀቅላቸው ስለፈለጉ፣ ሕዝቡ ወደ ሦስት ታላላቅ ሰፈሮች እንዲሄድ ተደረገ፦ ከጎማ በስተሰሜን 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ኪቡምባ፣ ከዚያም አልፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ካታሌ፣ እና በስተምዕራብ በኪቩ ሐይቅ አቅራቢያ ወዳለው ሙጉንጋ። ከሦስቱ ኪቡምባ በምንም መለኪያ ሰው የሚሰፍርባት ቦታ አልነበረችም። ከመንገድ ዳር ስለሆነችና ባዶ ስለነበረች ተመረጠች እንጂ፣ በአካባቢዋ ይህ ነው የሚባል የውሃ ምንጭ የላትም። በዚህች ስፍራ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሰፈረ።

እንግዲህ ነገሩን በስሌት እንየው። አንድ ሰው በአስቸኳይ ጊዜ ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ቢያንስ በቀን 5 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል ቢባል፣ ለ500 ሺህ ሰው በየቀኑ 2 ሚሊዮን ተኩል ሊትር ማለት ነው። አንድ ቦቴ 10 ሺህ ሊትር ይይዛል ብንል፣ 250 ምልልስ በየዕለቱ፣ ያውም ሰው፣ ከብትና ሬሳ በሞላው በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ። በመጀመሪያው ሳምንት በጎማ ለእያንዳንዱ ስደተኛ የደረሰው ንጹሕ ውሃ በቀን 0.2 ሊትር ነበር። ይህ አንዲት ብርጭቆ ነው። ሰው በአንዲት ብርጭቆ መኖር ስለማይችል ያገኘውን ጠጣ፤ ከሐይቁ ዳርቻ የነበረው ሌላው ከሚታጠብበትና ከሚጸዳዳበት ከዚያው ከሐይቁ ቀዳ፤ የኪቡምባው ጀሪካኑን ተሸክሞ ሰዓታት ተጓዘ፤ አቅም ያልነበረው ደግሞ ተጠምቶ ተኛ።

ኮሌራ ለኪቩ አካባቢ አዲስ እንግዳ አልነበረም። ከ1970ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት መገባደጃ ጀምሮ በሐይቁ ዙሪያ እየታየ የሚሄድ በሽታ ስለነበር፣ በሐምሌ 13 ቀን የመጀመሪያው ሕመምተኛ በምርመራ ሲረጋገጥ የአካባቢውን ታሪክ የሚያውቅ ሐኪም ሊደነቅ አይገባውም ነበር። የሚያስደነግጠው ፍጥነቱ ነው። ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ወረርሽኙ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደረሰ፤ በሦስት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ ሊይዘው የሚችለውን ሁሉ ይዞ ከረገበ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት ከ58 ሺህ እስከ 80 ሺህ ሰዎች ታመው 23 ሺህ 800 የሚሆኑት ሞተው ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ስናካፍላቸው ከታመሙት አሥር ሰዎች ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሞተዋል ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በአግባቡ የታከመ የኮሌራ ሕመምተኛ የመሞት ዕድሉ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በጎማ የሆነው ሕክምና ካልደረሰው ሰው ዕጣ ብዙም የራቀ አልነበረም።

የበሽታውን አካሄድ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጸው፤ በአገራችን አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት እየተባለ ሲነገር የሰማ ሰው መልኩን አያጣውም። ተህዋሲው በተበከለ ውሃ ወይም ምግብ ወደ ሆድ ገብቶ አንጀት ላይ በሚረጨው መርዝ የሰውነት ፈሳሽ የሩዝ ቅቅል ውሃ መስሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ክፉኛ የተያዘ ሰው በየሰዓቱ ሊትር ያህል ሊያጣ ይችላል፤ ጠዋት ደህና የነበረ ጎልማሳ አይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳው ተሸብሽቦ፣ ድምፁ ጠፍቶ ከመሸ ላይነጋለት ይችላል። መድኃኒቱ የወጣውን ፈሳሽ በፍጥነትና በበቂ መጠን መተካት ነው። ለአብዛኛው ሕመምተኛ ኦ.አር.ኤስ፣ ማለትም በውሃ ተበጥብጦ በአፍ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ይበቃል፤ ራሱን ለሳተ ወይም መጠጣት ለተሳነው በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ፀረ ተህዋሲ መድኃኒት አጋዥ ብቻ ነው፤ በጎማም የተገኘው ተህዋሲ በተለምዶ የሚታዘዙትን ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የተለማመደ ስለነበር ያም እገዛ አልነበረም።

ይህን ያህል ቀላል ሕክምና ያለው በሽታ ለምን ያን ያህል ሰው ፈጀ? ጉዳዩን በአካል ተገኝተው ያጠኑ ባለሙያዎች የጻፉትን ሳነብ ሁለት መልሶች ጎልተው ይታዩኛል። አንደኛው፣ አብዛኛው ሰው የሞተው ከሕክምና ጣቢያ ውጭ መሆኑ ነው። ጣቢያዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከሰፈሩ ዳር ተተክለው ሕመምተኛው እስኪመጣላቸው ይጠብቁ ነበር፤ ሕመምተኛው ደግሞ መሄድ አይችልም፤ ተሸካሚ ወገንም እርሱ ራሱ ታሟል ወይም ውሃ ፍለጋ ሄዷል። በሣር ጎጆውና በላስቲክ ሸራው ሥር የተኛውን ሰው ፈልጎ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃና ጥቂት የኦ.አር.ኤስ ከረጢት የሚያደርስ፣ ከስደተኞቹ መካከል የተመለመለ የቤት ለቤት ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢኖር ኖሮ ከአንድ ሙሉ የመስክ ሆስፒታል የበለጠ ነፍስ ያድን ነበር ብዬ አምናለሁ። ከረጢቱ ግን ያለ ውሃ ምንም አይደለም፤ ኦ.አር.ኤስ የሚበጠበጠው በንጹሕ ውሃ ነውና፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደዚያች አንዲት ብርጭቆ ይመለሳል።

ሁለተኛው መልስ የሕክምና ባለሙያውን ራሱን የሚመለከት ነው። ኮሌራን ከማንም በላይ ከሚያውቁት ከባንግላዴሽ የመጣ የሐኪሞችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ቡድን በጎማ ሠርቶ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍም የሕክምና ማዕከላቱ ሞትን መግታት ለምን እንዳቃታቸው መርምሯል። ከሁሉም አቅጣጫ በጎ ፈቃድ ይዘው የመጡ ብዙዎቹ ሐኪሞችና ነርሶች ኮሌራን ዓይተው አያውቁም ነበር። ፈሳሹን የሚሰጡት በቀስታ፣ አንድ ከረጢት በሰዓታት እያንጠባጠቡ ነበር፤ በአፍ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ ችላ ብለው ሁሉንም በመርፌ ለማከም ይሞክሩ ነበር፤ አንዳንዴም የሚንጠለጠለው ፈሳሽ ለኮሌራ የማይሆን ዓይነት ነበር። በእኛ አገር በደም ሥር የሚሰጠውን ማናቸውንም ፈሳሽ «ጉሉኮስ» ብለን የመጥራት ልማድ አለን፤ ልዩነቱ ግን የሞትና የሕይወት ነው። የስኳር ውሃ ብቻ የሆነው ከረጢት ከሰውነት የወጣውን ጨውና ፖታሲየም አይመልስም፤ ለኮሌራ የሚያስፈልገው ሪንገር ላክቴት የተባለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሕክምና ጣቢያ ከደረሱት መካከል እንኳ የሞቱት በአንድ ወቅት ከመቶ 22 ደርሰው እንደነበር ተመዝግቧል። ይህን የምጽፈው በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንቅልፍ አጥተው የሠሩትን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም፤ ቅን ልብ ስልጠናን እንደማይተካ ግን ይህን ያህል በግልጽ ያሳየ ጉዳይ አላውቅም።

ሬሳው ሌላ ፈተና ነበር። ድንጋዩ አልቆፈር ስላለ ቤተሰቦች የሞቱባቸውን በሰሌን ጠቅልለው መንገድ ዳር አስቀመጧቸው፤ የጭነት መኪኖች በየዕለቱ እየዞሩ ሰበሰቧቸው፤ በአካባቢው የነበረው የፈረንሳይ ጦር ከባድ ማሽኖች አሰማርቶ የጅምላ መቃብር ቆፈረ። የሟቾቹ ቁጥር ይታወቅ ዘንድ ያስቻለው ይኸው የሬሳ ሰብሳቢዎች ቆጠራ መሆኑ ልብ ይነካል፤ በሕይወት ሳሉ ያልተቆጠሩ ሰዎች ሲሞቱ ተቆጠሩ። በስደተኞች ጤና ሙያ የዕለት ሞት የሚለካው ከ10 ሺህ ሰው በቀን ስንት ሞተ ተብሎ ነው። አንድ ከሆነ አስቸኳይ ጊዜ ይባላል። በጎማ በመጀመሪያው ወር ከ20 እስከ 35 ነበር። ከተሻገረው ሕዝብ ከመቶ ስድስቱ፣ ምናልባትም አሥሩ፣ በአንድ ወር ውስጥ አልቋል ማለት ነው።

በሐምሌ የመጨረሻ ሳምንታት የአሜሪካ ጦርን ጨምሮ ብዙ ኃይል ገባ፤ ከሐይቁ ውሃ የሚስቡ ፓምፖችና ማጣሪያዎች ተተከሉ፤ ቦቴዎች ወደ ኪቡምባ መመላለስ ጀመሩ። የኮሌራው ማዕበል የቀነሰው ከፊሉ በዚህ፣ ከፊሉ ደግሞ ተህዋሲው በፍጥነት ተዛምቶ ሊያገኛቸው የሚችለውን ሰዎች ስለጨረሰ ነው። እርዳታው ትልቅና እውነተኛ ነበር፤ የመጣው ግን ወረርሽኙ ጉልበቱን ከጨረሰ በኋላ መሆኑን መካድ አይቻልም። በኮሌራ ክትባት ዙሪያም በጊዜው ክርክር ነበር፤ በዚያን ጊዜ የነበረው ምክር በእንዲህ ያለ ፍጥነት በተነሳ ወረርሽኝ ላይ ክትባት መስጠቱ ሌላውን ሥራ ይሻማል የሚል ስለነበር ሳይሰጥ ቀረ። በአፍ የሚሰጠው የኮሌራ ክትባት የዓለም አቀፍ ክምችት የተቋቋመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ከኮሌራው ቀጥሎ፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ መጣ። ይህ ሺጌላ ዲሴንተሪዬ ዓይነት አንድ የተባለው ተህዋሲ ያመጣው ነው፤ በፈሳሽ ብቻ አይድንም፤ በቀላሉ የሚገኙትን ፀረ ተህዋሲዎች ሁሉ የተለማመደ ስለነበር የሚሠራው ሲፕሮፍሎክሳሲን ብቻ ሆነ፤ እርሱም በጊዜው ውድ ነበርና ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና በጠና ለታመሙት እየተመረጠ ይሰጥ ነበር። ማን መድኃኒቱን ያግኝ ማንስ ይቅርበት ብሎ መወሰን የወደቀው በየድንኳኑ ባሉ ነርሶች ላይ ነበር። ቀጥሎም የማጅራት ገትር ምልክት ታየ፤ በፍጥነት ክትባት ተሰጥቶ ከመስፋፋቱ በፊት ተገታ። ኩፍኝም ሳይነሳ ቀርቷል፤ ከስደቱ በፊት በሩዋንዳ የክትባት ሽፋን ከፍ ያለ ስለነበርና በሰፈሮቹም ክትባት ቶሎ ስለተሰጠ። ይህን ቀላል ነገር አድርገን ማየት የለብንም። በ1977 ዓ.ም. ከረሃብና ከጦርነት ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን በሰፈሩበት በወድ ከውሊ ብዙ ሕፃናትን ከቀጠፉት ነገሮች ዋነኛው ኩፍኝ ነበር። ጎማ ቢያንስ ከዚህ ተርፏል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚከብደው ብቻቸውን የቀሩት ሕፃናት ጉዳይ ነው። ወላጆቻቸው በመንገድ ላይ የሞቱባቸው፣ በግርግሩ የተለያዩ፣ አንዳንዴም በማዕከሉ ምግብ ያገኛሉ በሚል ተስፋ ቤተሰብ ራሱ የተዋቸው ሕፃናት በብዙ ሺህ ይቆጠሩ ነበር። በችኮላ በተቋቋሙት ማዕከላት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የነበረው ሞት ከ10 ሺህ በቀን ከ20 እስከ 120 እንደነበር በጥናት ተረጋግጧል። ከመላው ሰፈር አማካይ በላይ የከፋ ነው። ምክንያቱ የምግብ ወይም የድንኳን እጥረት ብቻ አይደለም፤ ኮሌራ የያዘውን የሁለት ዓመት ሕፃን ለማዳን በየጥቂት ደቂቃው በማንኪያ የሚያጠጣው ሰው ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ መቀመጥ አለበት፤ እናት የምትሠራውን ይህን ሥራ አንዲት ተንከባካቢ ለብዙ ሕፃናት ልትሠራው አትችልም። ኋላ ላይ ከስደተኞቹ መካከል ሴቶች ተቀጥረው እያንዳንዳቸው ጥቂት ሕፃናትን እንዲይዙ፣ ልጆቹም ወደ ዘመድ ወይም ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ እንዲሄዱ መደረጉ ትክክለኛው መንገድ ነበር።

በነሐሴ በተደረጉ የዳሰሳ ጥናቶች ከሕፃናቱ መካከል ከመቶ 18 እስከ 23 የሚሆኑት በአጣዳፊ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሆነው ተገኙ። ተቅማጡ ያጎሳቆላቸው እንዳሉ ሆነው፣ አባወራ በሌለበት፣ በእናት ብቻ በሚተዳደር ቤት ያሉ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ከስተው ነበር። ይህ አጋጣሚ አልነበረም። ምግቡ የሚታደለው ስደተኞቹ በአገራቸው ሳሉ በነበሩበት የአስተዳደር ክልል ተከፋፍለው፣ በቀድሞዎቹ ሹሞቻቸው በኩል ነበር። ሹሞቹ የሰውን ቁጥር አብዝተው ይናገራሉ፤ የተረከቡትን እህል ለወታደሮቻቸውና ለታዛዦቻቸው ያስቀድማሉ፤ የተረፈውን ይሸጣሉ። ባሏ የሞተባትና ልጅ ያዘለች ሴት በዚያ ሰልፍ ላይ የሚናገርላት አልነበረም። በመጋዘን ውስጥ በቂ እህል እያለ ልጅ ሊከሳ እንደሚችል ለማየት የፈለገ ጎማን ይመልከት።

ወደ ጀመርኩት ድብልቅ የምመለሰውም በዚህ ነው። በሰፈሮቹ ላይ የገነነው ኃይል በሩዋንዳ እልቂቱን ያካሄደው ያው ኃይል ነበር፤ ወደ አገሩ ለመመለስ የሚፈልገውን ስደተኛ ያስፈራራል፣ ይገድላልም፤ የእርዳታውን ሀብት ለዳግም ጦርነት መዘጋጃ ያደርገዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት የፈረንሳይ ክፍል በኅዳር 1987 ዓ.ም. ከሰፈሮቹ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌሎች የድርጅቱ ክፍሎች ግን ለጊዜው ቆይተዋል። አንዱ ወገን ገዳዮችን እየመገብን አንቀጥልም አለ፤ ሌላው ደግሞ የታመመውን ሕፃን የአባቱ ወንጀል አይመለከተውም አለ። እኔ በዚህ ክርክር ፈራጅ ለመሆን አልደፍርም። ይሁን እንጂ ክርክሩ ወደ ሐኪሞች ትከሻ የወረደው፣ ታጣቂውን ከስደተኛው የመለየት ሥራ የነበረባቸው መንግሥታትና የጸጥታው ምክር ቤት ሥራቸውን ስላልሠሩ መሆኑ መነገር አለበት። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ታጣቂዎቹን የሚለይ ኃይል እንዲላክ ጠይቆ ነበር፤ አገሮች አልላኩም።

ይህ ሁሉ የማይቀር ነበር ለሚል ሰው ከጎማ ጥፋት ሦስት ወር ገደማ ቀድሞ በታንዛኒያ የሆነውን ማየት ይጠቅመዋል። ሚያዝያ 20 እና 21 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሩሱሞን ድልድይ ተሻግሮ በ24 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ ንጋራ ገባ። ቁጥሩ ከጎማው ያነሰ ቢሆንም ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ቀን የተቀበለ ድንበር እምብዛም አልነበረም። በዚያ ግን የጎማው ዓይነት እልቂት አልደረሰም። ቤናኮ በተባለችው ሰፈር አጠገብ የመንገድ ሥራ ድርጅት ለሥራው የገደበው ውሃ ነበር፤ መሬቱ አፈር ስለሆነ ይቆፈራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከስድስት ወር በፊት ከቡሩንዲ የተሰደዱትን ለመርዳት የመጡ ድርጅቶች ከነመጋዘናቸው፣ ከነመኪናቸውና ከነሠራተኞቻቸው በአካባቢው ነበሩ። እነዚህ ነገሮች ሁሉ ጎማ ላይ አልነበሩም። ቢሆንም በጎማም ቢያንስ ሕዝቡ ሊሻገር እንደሚችል የሚጠቁሙ ምልክቶች ከሳምንታት በፊት እየታዩ፣ በቂ ዝግጅት ሳይደረግ ቀርቷል።

ከጥፋቱ በኋላ ለጋሽ አገሮችና ድርጅቶች በጋራ ያካሄዱት ሰፊ ግምገማ በ1988 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። ከእርሱ በኋላ በ1989 ዓ.ም. የእርዳታ ድርጅቶች ስፌር የተባለውን ሥራ ጀምረው በአስቸኳይ ጊዜ ለተጎዳ ሰው ሊደርሰው የሚገባውን ዝቅተኛ መጠን በቁጥር አሰፈሩ፦ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለሃያ ሰው አንድ መጸዳጃ፣ የዕለት ሞትም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መመዝገብ። ዛሬ በጋምቤላ፣ በዶሎ አዶ ወይም በመተማ የስደተኞች ሰፈር የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የውሃ ባለሙያ በየሳምንቱ ሪፖርቱ ላይ የሚሞላው ይህ ቁጥር በከፊል ከጎማ ድንጋይ ላይ የተገኘ ነው። ቁጥሩ መጻፉ ግን ውሃውን አያመጣም። በሱዳን ጦርነት ምክንያት ወደ መተማ ተሻግረው በኩመር የሰፈሩ ስደተኞች መካከል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኮሌራ ሲነሳ፣ ሠራተኞቹ የሚታገሉት ከዚያው ከውሃ እጥረትና ከመጸዳጃ እጦት ጋር ነበር። ልዩነቱ የሚደረገው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቁ፣ ሕመምተኞችም ቶሎ መለየታቸውና መታከማቸው ነው።

የጎማ ሰፈሮች ዕድሜ ከሁለት ዓመት ብዙ አልዘለለም። በጥቅምት 1989 ዓ.ም. በምሥራቅ ዛየር የተነሳው ጦርነት መጀመሪያ ኪቡምባን፣ ቀጥሎ ካታሌን አፈረሰ፤ ሕዝቡ ወደ ሙጉንጋ ተጠራቀመ። ኅዳር 6 ቀን ሙጉንጋም ተበተነች። ከፊሉ ሕዝብ ታጣቂዎቹ ተጭነውት ወደ ምዕራቡ ጫካ ገብቶ በረሃብ፣ በበሽታና በግድያ እጅግ ብዙ ሰው አለቀበት። የበዛው ግን ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በመጣበት በዚያው መንገድ ወደ ጊሴኒ ተመለሰ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ 500 ሺህ ያህል ሰው። በዚህኛው ጉዞ ላይ ከጊሴኒ ወደ ሩሄንጌሪ በሚወስደው መንገድ ዳር የውሃ ታንከሮች ተደርድረው፣ ኦ.አር.ኤስ የሚበጠብጡና የደከመውን የሚያነሱ ሠራተኞች በየማረፊያው ቆመው ነበር። ሕዝቡ እየጠጣ አለፈ።